«ቁም» የሚለኝ ማነው?

የእኛ ከተማ ሰው መቆም አይወድም ብሎ የሚያማን ካለ አያውቀንም። እንዲያውም እንደ እኛ የሚቆም የለም። መንገድ መሀል ዘመድ ካገኘን እንቆማለን፤ ከዚያ የእሱ ደህንነት፣ የሚስቱ ደህንነት፣ የከብቱ፣ የአዝመራው፣ ባለፈው ያመማት የአክስቱ ልጅ ደህንነት ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ የለም። ለቀብር እንቆማለን። ለሰርግ እንቆማለን። ዝናብ ሲመጣ ሰው በረንዳ ላይ ተሰልፈን እንቆማለን፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ወሬው ስላላለቀ ቆመን እንቀራለን። የማንቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መቆም ያለብን ቦታ።

ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ዳንግላ ውስጥ፣ ከገበያው ሽቅብ የሚመጣው መንገድ አናት ላይ፣ አራት መንገድ የሚገናኝበት ጥግ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወንበሬ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ከማፈጥበት ይልቅ መንገዱ ላይ የማፈጥበት ሰዓት ይበልጣል፤ ደንበኞቼ የሚያጉረመርሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ድሮ ያ መስቀለኛ መንገድ ችግር አልነበረበትም። ድሮ ስላችሁ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ ኮብልስቶን ሳይነጠፍ በፊት ማለቴ ነው። ጭቃ ነበረበታ! ክረምት ክረምት ጋሪው እስከ እምብርቱ ይሰጥማል፣ ሚኒባሱ ይንፈራገጣል፣ ባጃጁ ደግሞ ጭራሹን አይሞክረውም። ጭቃው ራሱ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ ያውም ለምሳ የማይወጣ። ከዚያ ድንጋዩ ተነጠፈልን፣ ጨፈርን፣ ጫማችንን ጠረግን። ባጃጆች እንደ አሸን ፈሉ። ከአስፋልቱ በኩል የሚመጣው፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል የሚመጣው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚወርደው፣ ከገበያው የሚወጣው፣ ሁሉም መሀሉ ላይ የሚደርሰው «ሌላው ይቆማል» ብሎ ነው። ሌላውም እንደዚያው ብሎ ነው።

አንድ ጠዋት የሚፈራው ደረሰ።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ጠርዝ ላይ፣ ማዳበሪያ አንጥፋ ድንች የምትሸጥ እናኑ የምትባል ሴት አለች። ድምጿ ትልቅ ነው፣ ሳቋ ከድምጿ ይበልጣል፤ እሷ ከሳቀች እኔ የምጽፈው ይሳሳታል። ያን ቀን መላኩ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ከትምህርት ቤቱ በኩል እየበረረ መጣ። ከአስፋልቱ በኩል ደግሞ አንድ ሚኒባስ እየበረረ መጣ። መላኩ ሚኒባሱን ለመሸሽ መሪውን ሲጠመዝዝ ባጃጁ በጎኑ ወደቀና እየተንሸራተተ እናኑ ላይ ሄደ። ድንቹ ቁልቁል ወደ ገበያው ተንከባለለ፤ ወደመጣበት የሚመለስ ይመስል። እናኑ ግን አልተነሳችም። እግሯ ተሰብሮ ነበር።

ሚኒባሱ ዞር ብሎም አላየ። ያነሷት አያ ፈንታ ናቸው። አያ ፈንታ ዕድሜያቸውን በጋሪ ላይ ያሳለፉ፣ የጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ አለቃ የሚሏቸው፣ ዳማ የምትባል ባዝራ ፈረስ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለዳማ የሚሰጡትን ክብር ለብዙ ሰው አይሰጡም። ያን ቀን ጭነታቸውን መንገድ ዳር አራግፈው፣ እናኑን እንደ እንቁላል ጠንቀቅ አድርገው ጭነው ሆስፒታል አደረሷት። እዚያም እግሯ በጀሶ ታሰረ።

መላኩ ሰው አልገደለ፣ አላመለጠ፣ ግን ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማዳበሪያውን አንጥፎ እናኑ ቦታ ላይ ተቀመጠና ድንቿን ይሸጥላት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ድንች ይሸጣል፣ ከሰዓት ባጃጁን ይነዳል። ንግዱ ግን አልሆነለትም። ሰው «ጨምርልኝ» ሲለው ይጨምራል፤ «አሁንም» ሲለው አሁንም ይጨምራል። እናኑ ቤቷ ተኝታ ይህን ስትሰማ «እግሬን ሰበረ፤ አሁን ደግሞ ንግዴን ሊሰብር ነው» አለች አሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መላኩ ወደ ሱቄ ገባ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የቁም ምልክት ይተከልልን ብለሽ። በአራቱም በኩል።»

ደነገጥኩ። «ባጃጅ ነጂ ሆነህ?»

«ያን ቀን ምልክት ቢኖር ወይ እኔ ወይ ያ ሚኒባስ እንቆም ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የማየው የሚንከባለል ድንች ነው» አለኝ።

ጻፍኩለት። ማመልከቻ መጻፍ ሙያዬ ነው፤ ሰው እንባ ሳይወጣው አንብቦ አይጨርሰውም። መላኩ ወረቀቱን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የፈረመው ሰው ብዛት ከወረቀቱ አልፎ በጀርባው ዞረ።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ፈንታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብቅ አሉ።

«ትርንጎ፣ የባጃጆቹን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ አያ ፈንታ።»

«ጥሩ ጽፈሻል አሉ። በይ እንግዲህ የእኛንም ጻፊ። ምልክቱ አይተከልብን ብለሽ። ከዚያኛው ይበልጥ አድርገሽ።»

«እርስዎ?» አልኳቸው። «እናኑን ሆስፒታል ያደረሱ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ተቀመጡ። ዳገቱን በመስኮቱ በኩል በእጃቸው አሳዩኝ። «ስሚ ልጄ። ዳማ አራት ኩንታል ድንች ይዛ ይህን ዳገት የምትወጣው ከታች ጀምራ ባመጣችው ግስጋሴ ነው። አናቱ ላይ አቁማት ካላችሁኝ አቆማታለሁ። ማስነሳቱ ነው ጣጣው። ድንጋዩ ያዳልጣታል፣ ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትታታል። ያኔ የሚሰበረው የእናኑ እግር ብቻ አይሆንም።»

እውነት ነው አልኩና ያንንም ጻፍኩ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ለሁለት ተከራካሪ የቆመ ጠበቃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ለሁለት ተከራካሪ የጻፈ ጸሐፊ ግን ገበያው ይደራለታል።

ስብሰባው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። እኔ ዳንግላን ሳውቃት ለስብሰባ እንዲያ ግልብጥ ብላ ስትወጣ አላየሁም። ባጃጆቹ በቀኝ፣ ጋሪዎቹ በግራ፣ ወሬ ወዳዱ መሀል። ኃላፊው መነጽሩን ደጋግሞ የሚጠርግ፣ የማይቸኩል ወጣት ነው። ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ሁለቱ ወገኖች» አለ በመጨረሻ፣ «በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል።»

ሁለቱን ወረቀቶች ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ሁለታችሁም ‹በታላቅ አክብሮት› ለማለት ‹በታልቅ አክብሮት› ብላችኋል።»

የሰው ሁሉ አንገት ወደ እኔ ዞረ። እኔ አግዳሚው ሥር የወደቀብኝን ነገር ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ምንም አልወደቀብኝም ነበር።

ከዚያ አያ ፈንታ ተነሡ። «ለመሆኑ ምልክቱ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው?»

«‹ቁም› ነው» አለ ኃላፊው።

«ማንን ነው የሚለው?»

«የሚነዳውን ሁሉ።»

«እኔንም?»

«እርስዎንም።»

«እኔን ‹ቁም› የሚለኝ ማነው?» አሉ አያ ፈንታ። «አባቴ ከሞቱ ቆዩ!»

ጉድ ፈላላችሁ! አንዱ ተነሥቶ «ለሽማግሌ ሲባል ‹ይቁሙ› ይባል» አለ። ሌላው «‹ይቁሙ› ካልን ባጃጆቹ እኛን አይመለከትም ብለው ያልፋሉ» አለ። አንዲት ሴት «ሴት የነዳች ዕለትስ? ‹ቁሚ› የት ሊጻፍ ነው?» ብላ ጠየቀች። አያ ፈንታም አልተቀመጡም፤ «ዳማም ብትሆን አማርኛ አትሰማም፣ እኔ የማናግራት በአገውኛ ነው» አሉ። «እንግዲያው በአገውኛም ይጨመርበት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ኃላፊው ምልክቱ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ቀይ ቀለሙና ስምንት ማዕዘኑ ላላነበበውም ሰው እንደሚናገር ሊያስረዳ ሞከረ። ማን ሰምቶት! እኔ ራሴ እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናኑ በሁለት ክራንች ገባች።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀረ። ሰው ቦታ ሊለቅላት ተነሣ፤ አልተቀመጠችም።

«ስለ ቃሉ ትጨቃጨቃላችሁ» አለች፤ ያ ትልቅ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔ ሰሞኑን ተመልሼ እዚያው ጥግ ነው የምቀመጠው። ሌላ ቦታ የለኝም። አንድ ጤነኛ እግር ቀርቶኛል። እሱን የሚያተርፍልኝ የትኛው እንደሆነ ንገሩኝና ልሂድ።»

መላኩ አንገቱን ደፋ። አያ ፈንታም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው መነጽሩን ጠርጎ አድርጎ «በወሬ አንወስንም» አለ። «በሚመጣው የገበያ ቀን አራቱም መግቢያ ላይ ጊዜያዊ ምልክት ይዘን እንቆማለን። በዓይናችን አይተን እንወስናለን። አያ ፈንታ፣ ያን ቀን ብቻ ይቆሙልናል?»

«ቃሌ ነው» አሉ አያ ፈንታ። «እቆማለሁ። የሚሆነውን ግን ታያላችሁ።»

ምልክቶቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዱ ወረቀት ላይ «ቁ»፣ አንዱ ወረቀት ላይ «ም»፣ አታሚው መያዝ በሚችለው ትልቅ ፊደል አትሜ በሳሙና ካርቶን ላይ ለጠፍኳቸው። በቀይ ቀለም ስቀባ እጄ እስከ ክርኔ ቀላ። ምልክት ያዥ ሲመደብ ለእኔ የደረሰኝ የዳገቱ አናት ሆነ። ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ይመታ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጻፊ ሲለኝ የጻፍኩ ሰው፣ ያን ቀን ከተማ ላቆም ነው!

ሰው ገና በጠዋቱ የሱቄን በረንዳ ሞላው። የመጀመሪያው ሙከራ ሲጀመር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከአስፋልቱ ሚኒባስ መጣ፤ ቆመ። ከትምህርት ቤቱ ባጃጅ መጣ፤ ቆመ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጋሪ መጣ፤ ቆመ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ የሚኒባሱ ሹፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ባለጋሪውን «አባቴ፣ ይለፉ» አላቸው። «ኧረ በማርያም፣ አንተ ሰው ጭነሃል፣ እለፍ» አሉት። ባጃጁ «ሁለታችሁም እለፉ፣ እኔ አልቸኩልም» አለ። አልቸኩልም ያለው ባጃጅ ነው፤ ልብ በሉልኝ! «እንዲህማ አይሆንም» «በሞቴ» «በልጆችህ» ተባባሉ። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ደረሰ። ድሮ ማንም አይቆምም ነበር፤ አሁን ደግሞ ማንም አይሄድም። በመጨረሻ ኃላፊው መሀል ገብቶ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ አሳለፋቸው። አንደኛ የቆመ አንደኛ ይለፍ የሚል ሕግ እዚያው ወጣ፤ ሰዉም ቶሎ ለመደው። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ያኔ ነው ከታች የዳማን ኮቴ የሰማሁት።

አያ ፈንታ ድንች እስከ አፉ የሞላ ጋሪ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ዳገቱን ይወጣሉ። ዳማ አንገቷን ዘርግታ፣ ደረቷን ለድንጋዩ ሰጥታ ትገሰግሳለች። ከኋላቸው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መላኩ ባዶ ባጃጁን ይዞ ይመጣል። እናኑ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ጥጓ ላይ፣ ማዳበሪያዋ ላይ፣ ክራንቾቿን ጎኗ አጋድማ ተቀምጣለች። እኔ አናቱ ላይ ካርቶኔን ይዤ ቆሜያለሁ። አያ ፈንታ አዩኝ። አየኋቸው። ካርቶኑን ዝቅ ላድርገው? እጄ ፈልጎ ነበር። ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተሰጠ ቃል ነው። ከፍ አደረግኩት።

አያ ፈንታ ልጓሙን ሳቡ። ዳማ ቆመች።

ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ቆመ። ከዚያ የዳማ የኋላ እግር ከድንጋዩ ላይ አዳለጠ። ጋሪው ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ሳባት፣ ሁለተኛ ሳባት፣ ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። አያ ፈንታ በአገውኛ እየጮኹ ወርደው አንገቷን አቀፉ፤ ዳማ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሣች፣ እንደገና አዳለጣት። ጋሪው አቅጣጫውን ሳተ። ቁልቁል፣ በቀጥታ፣ እናኑ ወዳለችበት ጥግ!

ጮህኩ። ሰው ሁሉ ጮኸ። እናኑ ክራንቿን ፈለገች፤ እጇ አላገኘውም።

መላኩ ከታች ነበር። ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይችል ነበር፤ መንገዱም ሰፊ ነበር። እሱ ግን ባጃጁን ወደፊት አስፈንጥሮ በጋሪውና በእናኑ መካከል አግድም ገተረው፤ ፍሬኑን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሪው መጥቶ ባጃጁ ላይ አረፈ። የፊት መስታወቱ ረገፈ፣ ጎኑ እንደ ቆርቆሮ ኩባያ ተጨራመተ፣ ባጃጁም ጋሪውም አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተቱና... ቆሙ። ከበረንዳዬ የወረደው ሰው ሁሉ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ፣ ትከሻውን ሰጠ፣ ዳማን ፈታ። መላኩ ከባጃጁ ወረደ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

እናኑ ተነሥታ በአንድ እግሯ ቆማ አየችው። ምን ትለው ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ያ ሳቋ ከየት መጣ ሳልል ፈነዳ። «አንተ ልጅ» አለችው፣ «እኔ ባለሁበት ሁሉ ባጃጅ ይዘህ ካልመጣህ አይሆንልህም?» እሱም ሳቀ፤ ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አያ ፈንታ የዳማን የተላጠ ጉልበት ሲዳብሱ ቆይተው ወደ እሱ መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትከሻውን ያዙት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። በአማርኛ ይሁን በአገውኛ እንኳ አላውቅም።

ውሳኔው ያለቀው እዚያው ዳገቱ ላይ ነው፤ አዳራሽ የተመለሰ የለም። አንዳንዱ በድንጋጤ «ምልክት የሚባል ነገር ይቅር!» ማለት ጀምሮ ነበር። ኃላፊው ግን ወደ እናኑ ዞሮ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ምን ይጠየቃል» አለች ማዳበሪያዋን እያስተካከለች። «ዳገት የሚወጣው ሸክም ይዟል፤ እሱ ይለፍ። የቀሩት ሦስቱ ቆመው ይጠብቁት።»

ከአዳራሹ ሰው ሁሉ መሀል ይህን ያሰበ አልነበረም። ሁላችንም ወይ አራት ምልክት ወይ ምንም ባዮች ነበርን። አያ ፈንታ ደግሞ ሳይጠየቁ «እኛም አናቱ ላይ ስንደርስ ወርደን ፈረሳችንን በእጃችን እንይዛለን» አሉ። የቀረውን ቃለ ጉባኤ እኔ ጻፍኩ። «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አረምኩት።

ወር ሳይሞላ ሦስት ቀያይ ምልክቶች ተተከሉ። እኔም ከመስኮቴ ሥር ጠፍቼ አላውቅም። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው የሚቆመው ሰው ሲያየው ነበር፤ ትራፊክ ፖሊስ ካለ በአክብሮት፣ ከሌለ በትዝታ። የእኔ ጉጉት ሌላ ነበር። ማንም ሳያየው የሚቆም ሰው አያለሁ ወይ?

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ገበያ ሳይኖር፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል አንድ ባጃጅ እየበረረ መጣ። ሹፌሩን አላውቀውም። ከአስፋልቱ በኩል ማንም የለም። ከገበያው በኩል ማንም የለም። ፖሊስ የለም፣ ኮሚቴ የለም። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እናንተዬ፣ ቆመ! አንድ ቆጠርኩ፣ ሁለት ቆጠርኩ፣ አሁንም እንደቆመ ነው። ይህች ከተማ ደረሰች አልኩ። መታገስ አልቻልኩም፤ ዣንጥላዬን ይዤ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩለት።

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምን ያስጨበጭብሻል እቴ?» አለኝ። «ሞተሩ ጠፍቶብኝ ነው። ነይ ግፊልኝ።»

ምን አደርጋለሁ፤ ዣንጥላዬን አጥፌ ሄድኩና ከኋላ ያዝኩለት። ከመግፋቴ በፊት ግን ግራና ቀኝ አየሁ።